ልጃችሁ «ሁሉም» እና «አንዳንዶቹ» የሚሉትን ቃላት እንዴት እንደሚረዳ በጨዋታ ለማወቅ

የአምስት ዓመት ልጅ «ሁሉም»፣ «አንዳንዶቹ»፣ «ወይም» ሲል ትሰሙታላችሁ። ይላቸዋል ማለት ግን እንደ ትልቅ ሰው ይረዳቸዋል ማለት አይደለም። ልዩነቱን ለማየት ፈተና አያስፈልግም። የሕፃናት ቋንቋ ተመራማሪዎች ለዓመታት የሠሩበት ቀላል ጨዋታ አለ፤ እቤትም ይሠራል።

1. ዕቃ አዘጋጁ። አራት የፕላስቲክ ፈረሶች፣ አንድ የፕላስቲክ በግ፣ ለአጥር የሚሆን እርሳስና አንድ አሻንጉሊት ይበቃሉ። አሻንጉሊት ከሌለ እጃችሁ ላይ ካልሲ አጥልቁ። ስም አውጡለት፤ እዚህ ቡቺ እንበለው።

2. ልጁን ዳኛ አድርጉት። ዋናው ነገር ይሄ ነው። «ገባህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁት እናንተን ደስ ለማሰኘት ይመልሳል። ትልቅ ሰው አይታረምም ተብሎ ያደገ ልጅ ደግሞ ስትሳሳቱ እያየ ዝም ይላል። አሻንጉሊት ግን ማንም አይፈራም። «ቡቺ መናገር ገና እየተማረ ነው። ልክ ሲል ልክ ነህ በለው፣ ሲሳሳት ንገረው» በሉት።

3. በቀላሉ ጀምሩ። አንድ ፈረስ ዘሎ ቡቺ «ፈረሱ ተኛ» ይበል። ልጁ ይህንንም «ልክ ነው» ካለ ጨዋታው አልገባውም፤ ለሌላ ቀን አቆዩት።

4. አሁን አራቱንም ፈረሶች ልጁ እያየ አዘልሏቸው። ቡቺ «አንዳንዶቹ ፈረሶች አጥሩን ዘለሉ» ይበል።

ብዙ ትልልቅ ሰዎች «ኧረ ሁሉም ናቸው የዘለሉት!» ይላሉ። ልጃችሁ ግን «ልክ ነው» ቢል አይግረማችሁ። ፓፓፍራጉና ሙሶሊኖ በ2003 ባወጡት ጥናት የግሪክኛ ተናጋሪ የአምስት ዓመት ልጆች በብዛት እንዲህ ነው ያሉት። በ2001 የወጣው የኖቬክ ጥናት ደግሞ በፈረንሳይኛ ነበር። «አንዳንድ ቀጭኔዎች ረጅም አንገት አላቸው» የሚሉ ዓይነት ዓረፍተ ነገሮችን የ8 ዓመት ልጆች 89 በመቶ ጊዜ ተቀበሉ፤ ትልልቆቹ 41 በመቶ ብቻ።

ልጁ አልተሳሳተም። አራቱም ከዘለሉ አንዳንዶቹ መዝለላቸው እውነት ነው። እኛ ግን ከቃሉ ትርጉም አልፈን የተናጋሪውን ሐሳብ እንገምታለን፦ «ሁሉም ቢሆኑ ኖሮ ሁሉም ይል ነበር፤ ስላላለ ሁሉም አይደሉም።» ይህን ስሌት ያብራራው ፈላስፋው ፖል ግራይስ ነው። ለዚህ ስሌት ያልተነገረው «ሁሉም» በሰዓቱ ትዝ ማለት አለበት። ትንንሽ ልጆችን የሚያስቸግራቸው አንዱ ነገር እሱ ነው። ስለዚህ አትቆጡት፣ አታርሙትም።

5. በሦስት ሽልማት ድገሙት። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። ወረቀት ላይ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ዳቦ ሳሉ። ያንኑ ጨዋታ ደግማችሁ «ለቡቺ የትኛው ይገባዋል?» በሉት። ካትሶስና ቢሾፕ በ2011 ባወጡት ጥናት በሦስት እንጆሪ እንዲህ ሲያደርጉ፣ የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች ለእንዲህ ያለው ጎደሎ አባባል መካከለኛውን ሰጡ። ልጁ መጉደሉን አይቷል ማለት ነው፤ «ውሸት ነው» ለማለት ግን አልበቃውም። ልጃችሁ መካከለኛውን ከመረጠ «ቡቺ እንዴት ቢል ይሻል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ የምትሰሙት እዚህ ላይ ነው።

6. «ወይም»ን ሞክሩ። ፈረሱ ብቻ ይዝለል፤ በጉ ይቁም። ቡቺ «ፈረሱ ወይም በጉ ዘለለ» ይበል። አንዳንድ ልጅ «በጉ አልዘለለም!» ብሎ ይቃወማል። «ወይም»ን እንደ «እና» እየሰማው ሊሆን ይችላል፤ በፈረንሳይኛና በጃፓንኛ ተናጋሪ ልጆችም ታይቷል።

«ሁሉም ፈረሶች አልዘለሉም» የሚለውን ግን ለጊዜው ተዉት። «አንዱም አልዘለለም» ነው ወይስ «የቀሩ አሉ»? ትልልቆችም ይለያዩበታል።

ጨዋታው አጭር ይሁን፤ ልጁ ሲሰለች አቁሙ። ውጭ አገር ሆናችሁ በሁለት ቋንቋ የምታሳድጉ ከሆነ፣ አንድ ቀን በአማርኛ፣ ሌላ ቀን በሌላው ቋንቋ ተጫወቱ። ከዚያ በፊት ግን «አንዳንዶቹን ፈረሶች ስጠኝ» በሉት። ልጁ አራቱንም ካስረከባችሁ ምናልባት ቃሉን ገና አልያዘውም፤ መጀመሪያ እሱን በዕለት ተዕለት ወሬ አለማምዱት።