በአሜሪካ ቤት ተከራይተው የስሜት ድጋፍ እንስሳ ለማስገባት ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አብዛኞቻችን ባደግንበት ቤት ውሻ ከግቢ አልፎ ሳሎን አይገባም፤ ድመትም የምትወደደው አይጥ እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወይም በሲያትል የሚኖር ወገናችን ለድብርት ወይም ለከባድ ጭንቀት ሲታከም ቴራፒስቱ «እንስሳ ብታሳድግ ይረዳህ ነበር» ቢለው መጀመሪያ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እንዲህ የአእምሮ ሕመምን ለማቅለል የሚያዝ እንስሳ የስሜት ድጋፍ እንስሳ ይባላል። ሐሳቡን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ «የቤት እንስሳ አይፈቀድም» የሚል የኪራይ ውል ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣውና በ1988 ለአካል ጉዳተኞችም ከለላ እንዲሰጥ የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ፣ ፌር ሃውዚንግ አክት፣ የጤና ችግሩ የዕለት ኑሮውን በእጅጉ የሚገድብበት ተከራይ እንዲህ ካለው ክልከላ የተለየ አስተያየት እንዲደረግለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይሁንና ብዙዎች ይህን መብት የሚያጡት በአከራይ ክፋት ብቻ ሳይሆን በራሳቸው አካሄድ ጭምር ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ወረቀት ገዝቶ መብት እንደገዙ ማሰብ ነው። ጥቂት ጥያቄ አስመልሰው፣ ገንዘብ ተቀብለው፣ የምስክር ወረቀትና የውሻ መታወቂያ የሚልኩ ድረ ገጾች ሞልተዋል። የስሜት ድጋፍ እንስሳት የሚመዘገቡበት የፌዴራል መዝገብ ግን የለም፤ ስለዚህ «ተመዝግቧል» የሚለው ቃል በራሱ ምንም አያስገኝም። ሃድ ተብሎ የሚታወቀው የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤትም በጥር 2020 ባወጣው መመሪያ፣ ለከፈለ ሁሉ የሚሸጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ብቻውን አስተማማኝ ማስረጃ እንደማይሆን ገልጾ ነበር። ክብደት ያለው ማስረጃ የሚያውቅዎትና የሚከታተልዎት፣ ፈቃድ ያለው ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ክሊኒካል ሶሻል ወርከር የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ባለሙያው በስክሪን ማየቱ ደብዳቤውን አያበላሸውም፤ የሚያበላሸው ጨርሶ የማያውቅዎት መሆኑ ነው። ካሊፎርኒያ ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ባለሙያው ለስሜት ድጋፍ ውሻ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ከታካሚው ጋር ቢያንስ የ30 ቀን የሕክምና ግንኙነት ሊኖረው ይገባል። ደብዳቤውም «ውሻው ደስ ያሰኘዋል» ከማለት አልፎ፣ ችግሩ እንቅልፍን፣ ሥራን ወይም ከሰው ጋር መኖርን የመሰለ ዋና የኑሮ ተግባር እንደሚገድብና እንስሳው ከሕመሙ ምልክቶች ቢያንስ አንዱን እንደሚያቀልል ቢያስረዳ ጥያቄውን ለመቃወም ያስቸግራል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ስህተት፣ አከራይን ለማሳመን ሲሉ የሕመምን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ መዘርዘር ነው። ችግሩ በዓይን የሚታይ ካልሆነ አከራዩ የባለሙያ ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል፤ የሕክምና መዝገብዎን እንዲያሳዩት ወይም የሚወስዱትን መድኃኒት እንዲነግሩት ግን ማስገደድ አይችልም። ወሬ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ዕድር በአንድ ቀን በሚደርስበት ማኅበረሰባችን ውስጥ ይህ ገደብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙዎች መብታቸውን ሳይጠይቁ የሚቀሩት ስማቸው እንዳይነሳ ፈርተው ነው።

ሌላው ስህተት እንስሳውን በድብቅ አስገብቶ፣ የውል ጥሰት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ደብዳቤ ፍለጋ መሮጥ ነው። ሕጉ ዘግይቶ መጠየቅን ባይከለክልም አከራዩም ሆነ ዳኛው በጥርጣሬ ማየታቸው አይቀርም። በቃል መጠየቅም ይቻላል፤ ሆኖም በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ጥያቄውን በኢሜይል አቅርቦ ቀኑን መያዝ ይሻላል።

በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይነገረው ነገር የቤዝመንት ጉዳይ ነው። ብዙ አዲስ መጤዎች የሚከራዩት ከትልልቅ አፓርታማ ኩባንያዎች ሳይሆን፣ ባለቤቱ ፎቅ ላይ ከሚኖርበት የወገን ቤት ነው። የፌዴራሉ ሕግ ግን ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትንና ከአራት የማይበልጡ መኖሪያዎች ያሉትን ሕንፃ ከአብዛኛው ግዴታ ነጻ ያደርጋል። ከሦስት የማይበልጡ ቤቶች ያሉት ግለሰብ ያለ ደላላ በቀጥታ የሚያከራየው ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤትም እንዲሁ ነው። የስቴት ወይም የካውንቲ ሕግ ይህን ነጻነት ሊያጠብበው ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሆኖም «ሕግ አለኝ» ብሎ በጋሼ ወይም በእትዬ ላይ መነሣት፣ ሕጉም ካልደገፈ፣ ቤቱንም ዝምድናውንም ያሳጣል። በእንዲህ ያለ ቤት የሚያዋጣው ተቀምጦ ማስረዳት ነው፤ እንስሳው የት እንደሚተኛና ማን እንደሚያጸዳለት ተነጋግሮ ፈቃዱን በውሉ ላይ በአንድ መስመር ማስፈር ይገባል። የባለቤቱ ልጅ አለርጂ ካለበት ወይም እናታቸው ውሻ በገባበት ቤት መጸለይ የሚከብዳቸው ከሆነ፣ ሌላ ቤት መፈለጉ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

በገንዘብ በኩል ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ይታያሉ። አንዳንዱ ለቤት እንስሳ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ዲፖዚትና «ፔት ሬንት» የሚባለውን ወርኃዊ ክፍያ ሳይጠይቅ ይከፍላል፤ ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ የስሜት ድጋፍ እንስሳ በሕጉ አሠራር እንደ ተራ የቤት እንስሳ ስለማይቆጠር ይህ ክፍያ አይገባውም። ሌላው ደግሞ ምንም ነገር አይመለከተኝም ይላል፤ ውሻው ምንጣፍ ቢያበላሽ ወይም በር ቢቧጥጥ ግን ተከራዩ ይከፍላል። አከራዩ «ይህ ዘር አደገኛ ነው» ብሎ በጅምላ መከልከል ባይችልም፣ ያ ውሻ ራሱ ሰው ነክሶ ወይም ጎረቤትን አስፈራርቶ ከሆነ ጥያቄውን ውድቅ ለማድረግ በቂ ምክንያት ያገኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የካውንቲው የውሻ ፈቃድም አይቀሩም።

የስሜት ድጋፍ እንስሳን ከአገልግሎት ውሻ ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። የአገልግሎት ውሻ ለባለቤቱ የተወሰነ ተግባር እንዲያከናውን የሠለጠነ ሲሆን ምግብ ቤትም ሱቅም ይገባል፤ የስሜት ድጋፍ እንስሳ ይህ መብት ስለሌለው ለቤት ያገኙት ደብዳቤ እንጀራ ቤት ወይም ገበያ አያስገባውም። አየር መንገዶችም ከጥር 2021 ወዲህ የስሜት ድጋፍ እንስሳን እንደ አገልግሎት ውሻ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም፤ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ያሰበ ሰው በዚህ ደብዳቤ አይተማመን።

በመጨረሻም፣ ጥያቄው ሲከለከል ተናድዶ ኪራይ አልከፍልም ማለት ትልቅ ስህተት ነው፤ ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ በዚያው ምክንያት ከቤት ሊወጣ ይችላል፣ የእንስሳው ጉዳይም ተድበስብሶ ይቀራል። ይልቁንም የተከለከለበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ። አቤቱታ ለሃድ በ1 ዓመት ውስጥ፣ ክስ ደግሞ ለፍርድ ቤት በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይቻላል። የሃድ የአቤቱታ ስልክ 1-800-669-9777 ነው፤ ሲደውሉም የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የጊዜ ገደቡ ሲሰላ እምቢታው የተሰጠበት ቀን ስለሚፈለግ፣ አከራዩ በቃል ከመለሰልዎ በዚያው ዕለት «ዛሬ እንዲህ ብለውኛል» የሚል አጭር ኢሜይል ይላኩለት።