ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚያፈስ የራዲያተር ጎማ

ከኮምቦልቻ ተነስቼ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እስክገባ ድረስ መኪናዬ አንዲት ጠብታ አያፈስም። ሌሊቱን ብርድ ላይ ካደረ በኋላ ግን ጠዋት ከላይኛው የራዲያተር ጎማ (ቱቦ) ሥር አረንጓዴ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ተንጠባጥቦ አገኛለሁ። በደሴ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊቱን ያልያዘ ራዲያተር ዳገት ላይ ቶሎ ይፈላል።

ግፊቱን የሚይዘውን የራዲያተር ክዳን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ጎማውን ከራዲያተሩ አፍ ጋር የሚያስረውን ባለብሎን ማሰሪያ በካቻቪቴ ይበልጥ አጠበቅኩት፤ ባሰበት። ስፈታው ጎማው በማሰሪያው ሽንቁሮች አብጦ ወጥቷል፣ ቆዳውም ተቆርጧል። ሲሊኮን መቀባትማ ለቀጣዩ ፈቺ ጣጣ ማቆየት ነው።

መፍትሔው የማሰሪያው ዓይነት ነበር። ጎማ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ባለብሎኑ ግን ባቆሙት ቦታ ይቀራል። የስፕሪንግ ማሰሪያ ጎማውን ተከትሎ ይጠባል፣ ይሰፋል። ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ኩላንቱን አፈሰስኩ፣ የራዲያተሩን የብረት አፍ ከነጭ ቅርፊቱ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ አዲስ ጎማ አስገባሁ። የማሰሪያው መጠን የሚመረጠው ጎማው አፉ ላይ ከገባ በኋላ የውጭ ስፋቱ ተለክቶ ነው፤ ባዶውን ጎማ ለክቶ መግዛት ያሳስታል። ማሰሪያውን ከአፉ ጉብታ ኋላ አስቀመጥኩት፤ ጉብታው ላይ ከተቀመጠ ይንሸራተታል። ከዚያ ወዲህ ጠብታ የለም።

የስፕሪንግ ማሰሪያ ከጠፋ፣ የውስጥ ገጹ ለስላሳ የሆነ፣ ሽንቁሩ ጎማውን የማይነካ ባለብሎን ፈልጉ። ስፕሪንጉን በፒንሳ ስትከፍቱ ፊታችሁን ከላዩ አርቁ፤ ካመለጠ ይወነጨፋል።