ከአንድ ሲሊንደር ወደ ደብል በትንሽ ብር፦ ድሬ ኖሮ ጅቡቲ ለሚጠልቅ ሰው

ድሬ ባህር የለም። ይሄን የምለው ለቀልድ አይደለም፣ ደብል (ጀርባ ላይ ጎን ለጎን የሚታሰሩ ሁለት የአየር ሲሊንደሮች) ስለመግዛት የምታነበው ምክር አብዛኛው መኪናው ላይ ሲሊንደር ጭኖ የሚሄድ፣ ሰፈሩ ውስጥ አየር የሚሞላለት ሰው የጻፈው ነው። እኛ ደሞ በደወሌ በኩል ጅቡቲ ወርደን ትንሽ ቀን ጠልቀን የምንመለስ ሰዎች ነን፣ ስለዚህ የኔ ዘዴ አንድ ህግ ላይ ነው የቆመው፦ ሻንጣ ውስጥ የማይገባ ነገር አይገዛም። ሲሊንደር አይገዛም አቦ።

ገዝተህ ብታመጣውስ ምን ታደርገዋለህ? በየ5 ዓመቱ የግፊት ፍተሻ ይፈልጋል። ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕሬሰር ቢበዛ 10 ባር አካባቢ ግፊት ነው የሚሰጥህ፣ ያንተ ሲሊንደር የሚፈልገው 200 ነው። ትልቅ ኮምፕሬሰር ያለው ሰው ብታገኝ እንኳ ማጣሪያው ለመተንፈሻ የተሰራ ካልሆነ የዘይት ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚሞላልህ፣ መሬት ላይ ራስ ምታት ብቻ የሚያመጣው መጠን 30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ራስህን አስቶ ሊገልህ ይችላል። ሲሊንደሩን ጅቡቲ ተከራይ፣ ሌላውን ይዘህ ውረድ።

1. መጀመሪያ ያስፈልግሃል ወይ

ከህዳር እስከ ጥር ታጁራ ባህረ ሰላጤ የሚመጣውን ዌል ሻርክ የሚባል ግዙፍ ዓሣ ለማየት ከሆነ አያስፈልግህም፣ እሱ ላይ ላይ ነው የሚበላው፣ ማስክና ፊን ይበቃሃል። ሙሻ ደሴት ዙሪያ 15 ሜትር ላይ ለመዝናናትም አያስፈልግም። ደብል የሚፈልገው ጥልቅ የሚሄድና ረጅም የሚቆይ፣ ወይ ደሞ አንዱ ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየሩን አፍህ ድረስ የሚያመጣው ዕቃ) ቢበላሽ ሌላ እጁ ላይ እንዲኖር የሚፈልግ ሰው ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያሰላውን ሂሳብ እንስራ። በደቂቃ 20 ሊትር የምትተነፍስ ከሆነ 20 ሜትር ላይ ግፊቱ 3 ባር ስለሆነ 60 ሊትር ትጨርሳለህ። ሞቃት ባህር ላይ የተለመደው አሉሚኒየም 80 የሚባለው ሲሊንደር 11.1 ሊትር ነው፣ 200 ባር ሲሞላ 2220 ሊትር አየር ይይዛል፣ 50 ባር መጠባበቂያ ስታስቀር 1665 ይቀርሃል፣ ይሄ ወደ 28 ደቂቃ ነው። ፓዲ የሚባለው የዳይቪንግ አሰልጣኝ ድርጅት ሰንጠረዥ 20 ሜትር ላይ ያለ ዲኮምፕሬሽን (ስትወጣ መንገድ ላይ ቆመህ ናይትሮጅን ማስወጣት ሳያስፈልግህ) የሚፈቅድልህ 45 ደቂቃ ነው። አየህ፣ በአንድ ሲሊንደር ሰውነትህ ውስጥ የሚጠራቀመው ናይትሮጅን ሳይደርስብህ አየሩ አልቆ ራሱ ያወጣሃል። ደብል ስታደርግ ግን 55 ደቂቃ ይሆናል፣ ያ ማለት አየርህ ሳያልቅ 45ቱን አልፈህ ትሄዳለህ። እስከዛሬ የጌጁ (የአየር ግፊት መለኪያው) መውረድ ይጠብቅህ ነበር፣ ከአሁን በኋላ ጥልቀትና ሰዓት የሚያሰላውን የእጅ ኮምፒውተር ማየት ያንተ ስራ ነው። ይሄ ካልገባህ አትቀጥል።

2. ምን ይገዛል፣ በምን ቅደም ተከተል

ዋጋ አልጽፍም፣ ብሩ ሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ነው የሚሆነው። ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየርም።

መጀመሪያ ባክፕሌት፣ ጀርባህ ላይ ሆኖ ሲሊንደሩም ቺንጋውም የሚታሰርበት ላሜራ። አሁን በአንድ ሲሊንደር እየጠለቅክም ትጠቀምበታለህ፣ ስለዚህ ገንዘቡ አይቆምም። ድሬ ቶርኖና ብየዳ ቤት ሞልቷል፣ 3 ሚሊ ስቴንለስ ላሜራ የሚቆርጥና የሚያጥፍ ሰው ካገኘህ እዚሁ ታሰራዋለህ። ወሳኙ ልክ መሀሉ መስመር ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ርቀት ነው፣ ከመሀል እስከ መሀል 28 ሴንቲ። እሱ ከተሳሳተ ሲሊንደሮቹን አንድ ላይ የሚያስረው የትኛውም ባንድ ላይ አይገባልህም። ሌላው ጠርዙ ነው። ቺንጋው የሚያልፍባቸውን ክፍተቶች ጠርዝ በሞረድ አስልስልልኝ በለው፣ ካልሆነ ስለት ሆኖ ቀስ በቀስ ቺንጋውን ይበላዋል። ቺንጋውን ራሱን ግን ከጭነት መኪና ማሰሪያ አትቁረጥ፣ ለስላሳ ስለሆነ ትከሻህ ላይ ይጠቀለላል፣ ደረቁን የዳይቪንግ 5 ሴንቲ ቺንጋ ከውጪ የሚመጣ ዘመድ ያምጣልህ፣ ክብደት የለውም።

ቀጥሎ ዊንግ፣ አየር እየሞላህ ውሃ ውስጥ የሚያንሳፍፍህ ከረጢት። የደብል ዊንግ ለብቻው ነው፣ 18 ወይ 20 ኪሎ የሚያነሳ ይበቃል። "ለሁለቱም ይሆናል" ብለህ ትልቁን በአንድ ሲሊንደር ላይ ማድረግ ግን ጥሩ አይደለም፣ ጎንና ጎኑ ሲሊንደሩን ያቅፍና አየሩ ውስጡ ይታሰራል፣ ማስወጣት ያስቸግርሃል።

ከዛ ሬጉሌተር። እዚህ ላይ አትቆጥብ፣ ግን ሁለት አዲስ ሙሉ ሴትም አትግዛ። አሁን ያለህ አንድ ፈርስት ስቴጅ (ሲሊንደሩ ቫልቭ ላይ የሚታሰረው ክፍል) እና ሁለት አፍ ነው አይደል? የሚጎድልህ ሌላ አንድ ፈርስት ስቴጅና ሁለት ሶስት ሆዝ ብቻ ነው። ዲን (ቫልቩ ውስጥ በጥርስ የሚጠብቀው ዓይነት) ይሁን፣ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሞዴል ቢሆን ደሞ የተሻለ፣ መለዋወጫው አንድ ይሆንልሃል። ያገለገለ ስትገዛ ቁንጅናውን ተወውና ሰርቪስ ኪቱ ዛሬም እንደሚሸጥ አረጋግጥ። 2.1 ሜትር ሆዝ ለዋናው፣ 60 ሴንቲ የሚጠጋ አጭር ሆዝ አንገት ላይ በላስቲክ ለሚንጠለጠለው።

ኢንተርኔት ላይ ሰው ሁሉ ብረት ሲሊንደር ሲያወድስ ታነባለህ። ለቀዝቃዛ ውሃና ውሃ ለማያስገባው ልብስ፣ ለድራይሱት፣ እውነት ነው። ጅቡቲ ውሃ ላይ ግን 3 ሚሊ ልብስ ነው የምትለብሰው ወይ እሱንም አትለብስም፣ ከባድ ብረት ደብል አድርገህ ዊንግህ ቢቀደድ በምን ትወጣለህ? አሉሚኒየሙ ባዶ ሲሆን እያንዳንዱ ወደ 2 ኪሎ ገደማ ወደ ላይ ይገፋል፣ የስቴንለስ ባክፕሌትህ ክብደት ብዙውን ያካክሰዋል። እዚህ ነገር ላይ ርካሹ ምርጫ ትክክለኛውም ነው፣ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

3. ስልክ ደውል

ከመሄድህ በፊት የምትጠልቅበት ቤት በማኒፎልድ (የሁለቱን ሲሊንደር አየር በሚያገናኘው ቧንቧ) የተያያዘ ደብል እንዳለው ጠይቅ፣ ጀልባው ላይ ደርሰህ አይደለም። ከሌለው የራስህን ሁለት የስቴንለስ ባንድ በሻንጣ ይዘህ ተራ ሁለት ሲሊንደር አስረህ መጥለቅ ትችላለህ፣ ያለ ማኒፎልድ፣ ኢንዲፔንደንት የሚባለው። ይሰራል፣ ግን ለየብቻ ሁለት ጌጅ ይፈልጋል፣ እኩል እንዲወርዱም አፍ እየቀያየርክ ነው የምትተነፍሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ማኒፎልዱን ፈልግ።

4. ቫልቭ ላይ መድረስ

አስቸጋሪው ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ዕቃ መግዛት ነው። ደብል ያደረግከው አንዱ ሬጉሌተር አየር ማፍሰስ ከጀመረ በእጅህ ዘግተህ በሌላው ለመተንፈስ ነው፣ ቫልቮቹ ያሉት ደሞ ማጅራትህ ኋላ ነው። እጅህ ካልደረሰ ደብል አልያዝክም፣ ከባድ ሲንግል ነው የተሸከምከው። ጅቡቲ ወርደው ቀን እየከፈሉ ይሄን ሲለማመዱ የሚውሉ አይቻለሁ፣ ብር ማቃጠል ነው፣ ድሬ ግቢህ ውስጥ በነፃ የሚሰራ ነገር ነው።

እንዲህ አድርግ። ቁራሌው ጋ ሄደህ ሁለት አሮጌ ግማሽ ኢንች ሳራቺኔስካ፣ ክብ እጀታ ያላቸውን ግዛ። ጣውላ ላይ ግራና ቀኝ ወደ ውጪ አስወጥተህ እሰራቸው፣ ጣውላውን በሁለት ብሎንና ዳዶ ባክፕሌትህ ላይ ግጠም፣ እጀታዎቹ ከማጅራትህ ትንሽ ከፍ ብለው ይዋሉ። እሱን ለብሰህ ጠዋት ፀሐይ ሳትጠና በሽርጥህ ግቢ ውስጥ ተለማመድ፣ የጎረቤት ልጆች ይስቁብሃል፣ ይሳቁ። የሳራቺኔስካውም የሲሊንደሩም መዝጊያ አቅጣጫ አንድ ነው፣ ፊት ለፊት ስታየው እንደ ሰዓት። ኋላህ ሆኖ ሲዞር ጭንቅላት ያዞራል፣ ስለዚህ በአእምሮህ ሳይሆን በእጅህ ነው መልመድ ያለብህ።

እጅ የማይደርሰው በብዛት በሶስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሲሊንደሩ ዝቅ ብሎ ታስሯል። ባንዶቹን ሲሊንደሩ ላይ ወደ ታች ስታወርዳቸው ሲሊንደሩ ጀርባህ ላይ ከፍ ይላል፣ ወደ ፊት ቀና ስትል ጭንቅላትህ ማኒፎልዱን እስኪመታ ድረስ ግን አታብዛው። ሁለተኛ፣ የትከሻው ቺንጋ ጠብቋል። መሬት ላይ ልክ የሆነ ቺንጋ ውሃ ውስጥ ጠባብ ነው፣ ትንሽ ልል አድርገው፣ በእግርህ መሀል የሚያልፈው ቺንጋ ነው ዕቃውን ቦታው የሚይዘው። ሶስተኛው ክርንህ ነው። ሰው ሁሉ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ከዛ ወደ ኋላ ሊያጥፍ ይሞክራል፣ ትከሻ እንዲህ አይሄድም። ክርንህን ወደ ፊት አምጣና ወደ ላይ አንሳው፣ መዳፍህ ጆሮህን ታክኮ ይለፍ፣ አሁንም ካልደረሰ በሌላው እጅህ ክርኑን ወደ ኋላ ግፋው። አገጭህን ቀና አድርግ፣ ደረትህን አትጠፍ። ትከሻህ ያረጀ ጉዳት ካለው ሳይድማውንት የሚባለውን አስብበት፣ ቫልቮቹ ብብትህ ስር ናቸው፣ ትዕቢት አያስፈልግም።

ውሃ ውስጥ 4 ወይ 5 ሜትር ላይ አሸዋ ባለበት ጀምር፣ ከታች ሳትንበረከክ። ቅደም ተከተሉ ቀኙን ዝጋ፣ አፍህ ላይ ያለው ሲደርቅ አንገትህ ላይ ወዳለው ቀይር፣ ቀኙን ክፈት፣ ወደ ዋናው ተመለስ፣ መሀሉን (ሁለቱን ሲሊንደር የሚለያየውን ቫልቭ፣ አይሶሌተር የሚባለውን) ዝጋ ክፈት፣ የግራውን ሬጉሌተር ሞክረህ ዝጋ ክፈት። አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ሌላውን አትንካ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ የሚያይህ ሰው አጠገብህ ይኑር።

5. ምን የት ይገባል

ቀኝ ቫልቭ ላይ ረጅሙ ሆዝና የዊንጉ መሙያ፣ ግራው ላይ አንገት ላይ ያለው አፍና ጌጁ። ምክንያት አለው፦ ወደ ፊት ስትሄድ የግራው እጀታ የመርከብ ስባሪ ጣሪያ ምናምን ቢነካ ወደ መዘጋት ነው የሚዞረው፣ የቀኙ ወደ መከፈት። ስለዚህ ሳታውቀው የሚዘጋው ግራው ከሆነ አፍህ ላይ ያለውም ዊንግህም ይሰራሉ።

መሀል ያለው አይሶሌተር ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። አንድ አብሮኝ የሚጠልቅ ልጅ ሲሊንደሩ ሲመለስለት አይሶሌተሩ ተዘግቶ ነበር፣ አላየውም። ጌጁ በግራ በኩል ስለሆነ 200 ላይ ቆሞ ቀረ፣ እሱ ደሞ በቀኙ ይተነፍሳል፣ ዛሬ አየር አልፈጅም ብሎ ደስ እያለው ሲዋኝ ቀኙ ደረቀበት። ዕድሉ ሆኖ እጁ መሀሉ ቫልቭ ላይ ይደርስ ነበር፣ ከፈተው፣ ወጣን። ስለዚህ ሶስቱንም ቫልቭ ከመግባትህ በፊት በእጅህ ንካ፣ ውሃ ውስጥ ደሞ ጌጁ ካልወረደ አትደሰት።

6. ኮርስ

ከሲሊንደሩ የቆጠብከውን ብር እዚህ አድርገው። የጂዩኢ ፈንዳሜንታልስ ወይ የቲዲአይ ኢንትሮ ቱ ቴክ፣ ያገኘኸውን። ይሄ ጽሁፍ አስተማሪ አይተካም፣ ግቢህ ውስጥ እጅህን አፍታተህ ከሄድክ ግን ኮርሱ ላይ ቀን አትጨርስም።

7. መመለሻው

ይሄን ከባህር ዳር ሰው አትሰማውም። ጅቡቲ ዜሮ ሜትር ነው፣ ድሬ 1200 አካባቢ። በባቡርም በመኪናም ብትመጣ ሰውነትህ የሚያየው አውሮፕላን ውስጥ እንደገባ ሰው የአየር ግፊት መቀነስን ነው፣ በደብል ረጅም ስትቆይ ደሞ የያዝከው ናይትሮጅን ይበዛል። ዳን የሚባለው የዳይቨሮች ድርጅት ለበረራ የሚመክረው ከአንድ ተራ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት ወይ በቀን ከአንድ በላይ ከሆነ 18 ሰዓት፣ ዲኮምፕሬሽን ካለው ከዛም በላይ ነው። እኔ ለመንገዱም እሱኑ ነው የምይዘው፣ የመጨረሻውን ቀን ጅቡቲ ከተማ ሻይ እየጠጣሁ አሳልፋለሁ። ሐረር የምትገባ ከሆነ ደሞ ድሬ ደርሼ ላዳር በል፣ ደንገጎን ወጥተህ ሐረማያ ስትደርስ 2000 ሜትር ላይ ነህ፣ መገጣጠሚያህ መቆርጠም ወይ ቆዳህ መደንዘዝ ከጀመረ ድካም ነው ብለህ አትተኛበት፣ ሐኪም ጋ ሄደህ መጀመሪያ የምትናገረው ከባህር ውስጥ እንደመጣህ ይሁን።