እምነትን በሕይወት ስለ ማጽናትና ለሌሎች ስለ ማካፈል፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ምእመናን የቀረበ መመሪያ

በባሕር ዳር ከተማ የሚኖር ክርስቲያን እምነቱን የሚያስታውሰው ነገር አያጣም። በማለዳ የቅዳሴው ዜማ ይሰማዋል፤ ወደ ሐይቁ ሲመለከት የክብራን ገብርኤልና የእንጦስ ኢየሱስ ደሴቶች ይታዩታል። ይሁን እንጂ በቅዱሳት ቦታዎች መከበብ ብቻውን የነፍስን ጥማት አያረካም፤ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አድገው ውስጣቸው ግን ባዶ እንደ ሆነባቸው የሚናገሩ ወጣቶች ጥቂቶች አይደሉም። በእኔ እምነት መንፈሳዊ እርካታን ማግኘትና ያንኑ ለሌላው ማካፈል አንድ ሥራ ነው፤ መጀመሪያውም መጠየቅና ማዳመጥ ነው።

ከሁሉ አስቀድመው የንስሐ አባት ይያዙ። ብዙዎቻችን የንስሐ አባት አለን የምንለው በዓመት አንድ ቀን ጠበል የሚረጩልንን ካህን ነው፤ ይህ ግን ነፍስን ለመምራት አይበቃም። ቀጠሮ ይዘው ለብቻቸው ያግኟቸው፤ የሥራዎን ሰዓት፣ ያለብዎትን ዕዳ፣ የተቀያየሙትን ሰው፣ ጸሎት ያስታጎለዎትን ነገር ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ ከዚያም ለኑሮዎ የሚመጥን የጸሎትና የጾም ሥርዓት እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ማታ የሚገባ የባጃጅ ሹፌርና በግቢ ውስጥ የሚኖር ተማሪ እኩል ሸክም ሊሸከሙ አይችሉምና ይህን መመዘን የካህኑ ድርሻ ነው።

በጸሎት ረገድ በትንሹ መጀመር ይሻላል። ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ታስተምራለች፤ ለጀማሪ ግን ነግህንና ንዋምን፣ ማለትም የማለዳውንና የመኝታውን ሰዓት፣ ሳያቋርጡ መጠበቅ ሰባቱንም በአንድ ሳምንት ጀምሮ በሁለተኛው ከመተው እጅግ ይበልጣል። ጠዋት ስልክዎን ከማንሳትዎ በፊት ፊትዎን ታጥበው ወደ ምሥራቅ ይቁሙ፤ «አባታችን ሆይ»ን፣ አንድ መዝሙር ከዳዊት፣ የዕለቱንም ውዳሴ ማርያም ያድርሱ። ማታ ከወንጌል አንድ ምዕራፍ ያንብቡ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፎች ብቻ ስላሉት ለመጀመር ይመቻል። ያነበቡትን ወዲያው ለሰው ከመናገር ይልቅ ያልገባዎትን በማስታወሻ ይያዙና ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህርዎ ያቅርቡ።

ረቡዕና ዓርብን መጾም የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም። ስለ ቅዱስ ቁርባን ግን አንድ ነገር ልበል። ወጣቶች «ገና ነኝ፣ ስሸመግል እቆርባለሁ» እያሉ ከቅዳሴው መካከል የሚወጡበት ልማድ ልብን ያሳዝናል። ንስሐ ገብቶ፣ ከሚበላና ከሚጠጣ ለ18 ሰዓት ተከልክሎ ለመቀበል የሚያግደው ዕድሜ የለም፤ የምንፈልገው እርካታም ከዚህ ማዕድ ርቆ አይገኝም። የሚቻለው ሰው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሄዶ ሱባኤ ቢይዝ መልካም ነው፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ስለ ሆኑ እኅቶች የሴቶች ገዳም የሆነውን እንጦስን ወይም በዘጌ ያሉትን አድባራት ይምረጡ። ሱባኤው ሲያበቃ የጸሎት ጣዕም ቢጠፋብዎ አይደንግጡ፤ ሥርዓትዎን ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም ይቀጥሉ፤ ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ።

አሁን ወደ ማካፈሉ እንምጣ። ጌታችን በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ከሳምራዊቷ ሴት ጋር ሲነጋገር አስቀድሞ የለመናት የሚጠጣ ውኃ ነበር። አይሁድና ሳምራውያን በማይተባበሩበት ዘመን ከእርሷ እጅ ሊጠጣ መፍቀዱ ሴቲቱን አስደነቃት፤ ትምህርቱም ከዚያ በኋላ ተከተለ። ይህ ነገር በጣና ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች የቅርብ ፈተና አለው። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቁት የነገደ ወይጦ ጎረቤቶቻችን ለብዙ ዘመን ሲናቁ፣ ከማዕድም ሲለዩ ኖረዋል። ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ገበታ ለመቀመጥ እየተጸየፉ ለዚያው ሰው ስለ ክርስቶስ ፍቅር መናገር የወንጌሉን ቃል መቃወም ነው። ስለዚህ እምነቱን ለማካፈል የሚሻ ሁሉ ቤታቸው ገብቶ የቀረበለትን ይቅመስ፤ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር፣ ልጆቻቸው የት እንደሚማሩ ይጠይቅ፤ ስለ ራሱ የሚናገረው ሲጠየቅ ይሁን።

ለሙስሊም ጎረቤትም እንዲሁ ነው። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ሲጠሩት የራሱ ወገን ያረደውን ሥጋ ወይም የጾም ምግብ ለብቻው ያዘጋጁለት፤ ይህ አባቶቻችን የጠበቁት የአክብሮት ወግ ነው። በማዕዱ ላይ የእርሱን እምነት መንቀፍ በፍጹም አይገባም። እርሱ ስለ በዓሉ ከጠየቀ ግን በአጭሩና በግልጽ ያስረዱት፤ የማያውቁትን «አላውቅም፣ መምህራንን እጠይቃለሁ» ይበሉ።

ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ክልል የመጣ እንግዳ ካለዎት ሥዕል ከስብከት በተሻለ ያግዛል። በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ይዘውት ይሻገሩ፤ በቡናው ደን ውስጥ በእግር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይውጡ። ጫማ አውልቀው ሲገቡ የመቅደሱን ዙሪያ የሸፈኑት ሥዕሎች ይታያሉ። ንባብ ለማያውቁ አባቶችና እናቶች መጻሕፍት ሆነው ያስተማሩት እነዚህ ናቸው። እንግዳው በራሱ ጊዜ ይመልከት፤ ጣቱን ወደ አንዱ ቀስሮ «ይህስ ምንድን ነው?» እስኪል ይታገሡ። በበላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት ከቆመ ታሪኩን በጥቂት ቃላት ይንገሩት፦ ብዙ ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ ውኃ የጠማው ድኩም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ቀንም ያች ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ከበደችለት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ሰውየው «ይህማ ፍትሕ አይደለም» ቢል አይከራከሩት፤ ስለ ምሕረት እውነተኛ ንግግር የሚጀመረው እዚህ ላይ ነውና ለምን እንዲህ እንደ ተሰማው ይጠይቁት። ፊልጶስም በጋዛ መንገድ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ባገኘው ጊዜ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ሲጋብዘውም ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ፤ ያስተማረውም ሰውየው ከያዘው ጥቅስ ተነሥቶ ነው።

በቃል ከሚደረገው በላይ የሚናገር አገልግሎትም በከተማችን ሞልቷል። ለሕክምና ከገጠር ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል መጥተው በከተማው ዘመድ የሌላቸው አስታማሚዎች አሉ። የማኅበራችሁ አባላት ተራ ገብታችሁ በፔርሙስ አጥሚት፣ በሳሕን እንጀራ ማድረስ ትችላላችሁ። በሽተኛው የሚበላውን አስቀድማችሁ ነርሷን ጠይቁ፤ ሃይማኖቱን ግን አትጠይቁ። እርዳታን ሰውን ወደ እምነት መሳቢያ ማድረግ እርዳታውንም እምነቱንም ያረክሳልና ከዚህ አጥብቃችሁ ተጠበቁ።

ከጊዜ በኋላ አንዱ ወዳጅዎ «እኔም መምጣት እፈልጋለሁ» ቢል አያጣድፉት። ወደ ካህን ያቅርቡት፤ በንዑሰ ክርስቲያንነት፣ ማለትም ገና ሳይጠመቅ በተማሪነት፣ ቆይቶ መሠረተ እምነቱን ይማራል፤ ክርስትና አባት ይፈለግለታል፤ ሴት ከሆነችም ክርስትና እናት ትፈለግላታለች። በመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴው ረጅም መሆኑን፣ የሚቆምበትን ወገን፣ የሚሰገድበትን ጊዜ አስቀድመው ይንገሩት፤ ነጠላ ከሌለው ያውሱት። ሴት ከሆነች በሴቶች በኩል አብራት የምትቆም እኅት ያዘጋጁላት፤ ቅዳሴው ሲያበቃም ወደ ቤትዎ ወስደው ምሳ አብረው ይብሉ።