ያገለገለ ትልቅ ስፒከር ጅማ ላይ ስትገዙ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ጥሩ ስፒከር በደንብ ከተያዘ አርባ ዓመት ቆይቶም ያምራል። ጅማ ግን ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት። እርጥበት ደግሞ ፎምና የታመቀ እንጨት ይበላል። ስለዚህ የምርቱ ስም ምንም ቢገዝፍ መጀመሪያ ሁኔታውን እዩ። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ የስልክ መብራትና አብጠርጥራችሁ የምታውቁት ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ ግን አትሞክሩ፤ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል።

ቤዙ ሲመታ ይንኮሻኮሻል

የፊት መሸፈኛውን አስወልቁ። ሻጩ እምቢ ካለ ተዉት። ከዚያ በኮኑ (እየተርገበገበ ድምፅ በሚያወጣው ሾጣጣ) ዙሪያ ያለውን ተጣጣፊ ቀለበት በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ከፎም የተሠራ ከሆነና ከተፈረፈረ ወይም ከተጣበቀባችሁ አልቋል። ፎም ባይሠራበትም በ10 እና በ20 ዓመት መካከል በራሱ ይበሰብሳል። የጎማ ቀለበት ብዙ ይቆያል። የድሮ ኢንፊኒቲና አንዳንድ ጄቢኤል ስፒከሮች ቀለበታቸው ፎም ስለሆነ እነሱ ላይ በደንብ ተጠንቀቁ።

ይህ አያስፈራም። ልኩን የጠበቀ ቀለበት ከውጭ አስመጥቶ በሁለቱም ስፒከር ላይ መቀየር ይቻላል። ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ከመኪና ካላማዳሪ ተቆርጦ የተለጠፈ ካያችሁ ግን ያ ጥገና አይደለም። ስለሚከብድና ስለሚደርቅ ቤዙን ያበላሸዋል።

ቀለበቱ ደህና ሆኖ ከተንኮሻኮሸስ? በሁለት እጅ ጣቶች ኮኑን ከግራና ከቀኝ እኩል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ኮይሉ (ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሎ አብጧል ወይም መሃሉን ስቷል። ኮይል መጠቅለል ይቻላል፤ ግን ውድ ስፒከር ላይ እንደ መጀመሪያው ሆኖ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ኦርጂናሉ መለዋወጫ ካልተገኘ እኔ አልገዛም።

ቀጭኑ ድምፅ የለም ወይም በአንዱ በኩል ደክሟል

መጀመሪያ የግራና የቀኙን ገመድ አቀያይሩ። ችግሩ ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ወይም የገመዱ ነው። ካልዞረ ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ክፍል) ፈታችሁ፣ ሽቦውን ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት። ከጀርባ ካለው ማገናኛ ላይ መለካት አይበቃም፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ካፓሲተር የሚባል ዕቃ ትዊተሩን ስለሚጋርደው የምታነቡት የዉፈሩን (የቤዙን ክፍል) ብቻ ነው። 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) የተባለው ብዙ ጊዜ ከ5.5 እስከ 7 ያሳያል፤ 4 ኦም የተባለው ከ3 እስከ 4 አካባቢ። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል።

የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ትልቅ አምፕሊፋየር አይደለም። ትንሹ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጮህ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፣ ሙቀቱም ትዊተሩ ላይ ያርፋል። ቴስተሩ ልክ እያነበበ ድምፁ ከደከመ ግን ያረጀ ካፓሲተር ወይም በትዊተሩ ውስጥ የደረቀ ፈሳሽ ጠርጥሩ። ካፓሲተር ርካሽ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ይቀይረዋል።

ያማሃ ኤንኤስ 1000ኤም የተባለው ስፒከር ከገጠማችሁ ቀጭኑንና መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጡት ጉልላቶች ቤሪሊየም ከሚባል ብረት የተሠሩ ናቸው። በጣት አትንኩ። የቤሪሊየም ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ተተኪውም በቀላሉ አይገኝም። ከተሰበረ እለፉት።

ሁለቱም ይሠራሉ፤ ቤዙ ግን ሳስቷል

የአንዱ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ተገልብጧል። ገልብጣችሁ እሰሩት፣ ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላል።

ሳጥኑ ከታች አብጧል

ሲሚንቶ ወለል ላይ ተቀምጦ ቤት በተወለወለ ቁጥር ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ኤምዲኤፍ (የታመቀ እንጨት) አንዴ ካበጠ አይመለስም፣ መገጣጠሚያው ይላቀቃል፣ አየርም ያሾልካል። የጅማ አናጢዎች እጃቸው የተባረከ ነው፤ የተላጠ ሽፋን ቢሆን ያድሱላችኋል። ያበጠ ሳጥን ግን በልኩ እንደገና ካልተሠራ አይድንም። ዋጋው በጣም ካልወረደ ተመለሱ።

የሁለቱን ተከታታይ ቁጥር ሳታመሳክሩ አትክፈሉ፤ አንዱ ከሌላ ጥንድ የመጣ ሊሆን ይችላል። ገዝታችሁ ስትወስዱ አውቶብስ ጣሪያ ላይ አይጫን። ቤት ስትደርሱ ከወለሉ ከፍ አድርጉት፣ ክረምት ላይ እርጥበት ከሚያልበው ግድግዳም አርቁት።