አሮጌ የመታጠቂያ ሽጉጥን በትንሽ ሪቮልቨር መተካት፦ አመራረጡ እንዴት ነው?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችውን ሱቄን ማታ ማታ ስዘጋ ለ14 ዓመታት የታጠቅሁት ሽጉጥ የጥይት ልኩ .380 የሆነ ትንሽ ባለካዝና ነበር። ሽጉጡ ምንም አልጎደለበትም፤ የጎደለው የእኔ የእጅ ጉልበት ነው። በዚያ ዓይነት ትንሽ ሽጉጥ ላይ የጥይቱን ኃይል የሚቋቋመው የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ክብደትና ስፕሪንጉ ብቻ ስለሆነ፣ ስፕሪንጉ ከሽጉጡ ትንሽነት አንጻር እጅግ ጠንካራ ነው። የጣቶቼ አንጓዎች መታመም ሲጀምሩ ያንን ክፍል ወደ ኋላ ስቤ ጥይት ማጉረስ አቃተኝ። ስለዚህ ጥይቱ በካዝና ሳይሆን በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ ወደሚቀመጥበት ሽጉጥ፣ ማለትም ወደ ሪቮልቨር ለመሄድ ወሰንሁ። የመጀመሪያው ምርጫዬ ስህተት ሆነ፣ ሁለተኛው ተሳካ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከሁለቱም የተማርሁትን ነው።

አንደኛ፦ አሮጌውን ለምን እንደሚቀይሩት ይለዩ

ሽጉጥዎ ጥይት እየነከሰ ካስቸገረዎት፣ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ለጥገና ባለሙያ ያሳዩት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የደከመ የካዝና ወይም የመመለሻ ስፕሪንግ ነው፤ ስፕሪንግ መለወጥ ደግሞ ከአዲስ ሽጉጥ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ምክንያትዎ እንደ እኔ የእጅ ሕመም ከሆነ ግን አንድ ነገር አስቀድመው ይረዱ። ሪቮልቨር የሚሳብ የላይኛ ክፍል የለውም፤ ሲሊንደሩን ወደ ጎን ከፍተው ጥይቱን በየጉድጓዱ ያስቀምጡና ይዘጋሉ። ይህ ማለት ግን ጉልበት አይጠይቅም ማለት አይደለም። በአሮጌው ሽጉጥ በሁለት እጅ ስበው ይጨርሱት የነበረው ሥራ አሁን በአንዲት ጣት ላይ፣ በቃታው ላይ ይወድቃል። ቃታው ሲሊንደሩን ያዞራል፣ ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰውን መምቻ ወደ ኋላ ይወጥራል፣ ከዚያም ይለቀዋል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ረጅም ስበት የሚፈጸም ነው። ስለዚህ የምርጫው ሁሉ ማዕከል ቃታው ነው።

ሁለተኛ፦ ሕጉን ይጨርሱ

ይህን ባጭሩ አልፈዋለሁ፣ ግን አይዝለሉት። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት፣ የገዢ መጠይቅ የሆነውን ፎርም 4473 በእውነት መሙላትና የጀርባ ታሪክ ማጣሪያውን ማለፍ ያስፈልጋል። የግሪን ካርድ ባለቤት መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። ለዘመድ ማሰብ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በሌላ ሰው ገንዘብ፣ ለሌላ ሰው ሽጉጥ እየገዙ «ገዢው እኔ ነኝ» ብሎ መፈረም የፌዴራል ወንጀል ነው። ወንድም ይሁን አብሮ አደግ፣ ራሱ ይምጣና ራሱ ይፈርም።

የቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ የሚጠየቀው በሚኖሩበት አካባቢ ሰርኪዩት ኮርት ከሚባለው ፍርድ ቤት ነው፤ የሚያገለግለውም 5 ዓመት ነው። ፈቃዱ የፖቶማክን ወንዝ አይሻገርም። ዲሲም ሆነ ሜሪላንድ የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም፤ ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ለሠርግ የሚሄድ ሰው ሽጉጡን ቤቱ ቆልፎ ይሂድ። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ እንኳ የአልኮል ፈቃድ ወዳለው ምግብ ቤት ሽጉጥ ደብቆ የገባ ሰው አንዲት ጠርሙስ ቢራ መጠጣት አይችልም።

ሦስተኛ፦ ክብደትና ጥይት አብረው ይመረጣሉ

ትንሽ ሪቮልቨር አዲስ ነገር አይደለም። ኮልት ዲቴክቲቭ ስፔሻል የተባለውን ባለ6 ጥይት በ1927 አወጣ፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ በ1950 ቺፍስ ስፔሻል የተባለውን ባለ5 ጥይት አመጣ። ዛሬ በኪስ የሚያዙት አብዛኞቹ የዚያ የሁለተኛው ዘሮች ናቸው። የተለወጠው በዋነኛነት የተሠሩበት ነገር ነው። ሙሉ ብረት የሆኑት እንደ ኪምበር ኬ6ኤስ ያሉት 23 አውንስ፣ ማለትም 650 ግራም ያህል ይመዝናሉ። አካላቸው አሉሚኒየም የሆነው፣ ለምሳሌ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642፣ ወደ 15 አውንስ ይወርዳሉ። በከፊል ፕላስቲክ የሆነው ሩገር ኤልሲአር የ.38 ጥይት በሚተኩሰው ዓይነቱ 13.5 አውንስ ነው። ከዚያም የሚቀልሉ አሉ።

እኔ በመጀመሪያ የገዛሁት ከሁሉ ቀላል ከሚባሉት አንዱን ነው፤ 12 አውንስ እንኳ አይሞላም ነበር። ኪስ ውስጥ ሲገባ መኖሩ አይታወቅም። ኃይለኛውን የ.357 ማግነም ጥይት ስለሚተኩስ ደግሞ «ቀላልም፣ ኃይለኛም» ብዬ ተደሰትሁ። የተኩስ መለማመጃ ሄጄ አምስት የማግነም ጥይት አጎረስሁ። የመጀመሪያው ሲተኮስ የእጀታው ጀርባ መዳፌን በመዶሻ እንደመታኝ ሆኖ ተሰማኝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥርሴን ነክሼ ተኮስሁ። አራተኛው ላይ ቃታው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀጥ አለ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። አፈሙዙን ከዒላማው ሳላነሳ ተቆጣጣሪውን ጠራሁት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከጎን ተመለከተና በብዕሩ ጫፍ አሳየኝ፦ የቀረው ጥይት እርሳስ፣ ማለትም ተወርዋሪው ጫፉ፣ ከቀለሃው ውስጥ ወደፊት ተስቦ ወጥቶ፣ ከሲሊንደሩ ፊት የስንዴ ፍሬ ያህል ብቅ ብሎ፣ የሽጉጡን አካል ነክሶ ይዞ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሽጉጡ ሲቀልል ርግጫው ይበረታል። ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች ከሽጉጡ ጋር አብረው ወደኋላ በኃይል ሲወረወሩ፣ ከባዱ እርሳስ ባለበት መቅረት ስለሚፈልግ ቀለሃው ከእርሳሱ ላይ ይሸሻል። ሽጉጡ አልተበላሸም፤ ጥፋቱ የእኔ ጥምረት ነበር። ከዚያ ወዲያ ያንን ሽጉጥ ለመለማመድ እጄ አልሄድ አለ። የማይለማመዱበትን ሽጉጥ መታጠቅ አደገኛ መሆኑን አውቅ ስለነበር ሸጥሁት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ጥይቱን ከማግነም የሚለዝበውን .38 ስፔሻል ያድርጉት፤ ሽጉጡን በኪስ የሚይዙ ከሆነ ከ13 እስከ 17 አውንስ፣ በወገብ የሚታጠቁ ከሆነ ከ20 እስከ 25 አውንስ ባለው ክልል ውስጥ ይፈልጉ። ከሁለት ኢንች በርሜል የሚወጣ ማግነም ብዙ ባሩዱን ከአፈሙዙ ውጭ ያቃጥላል፤ ትርፉ ከነበልባሉና ከጩኸቱ ጋር አይመጣጠንም። .357 የሚል ሽጉጥ .38 ስፔሻልንም ይተኩሳል፣ የ.38 ሽጉጥ ግን ማግነም አይቀበልም። ግፊቱ ከፍ ያለው ፕላስ ፒ የተባለው የ.38 ዓይነት በሁሉም ሽጉጥ አይተኮስም፤ በተለይ አሮጌ ሽጉጥ ከሆነ በርሜሉ ላይ የተጻፈውንና መመሪያውን ያንብቡ።

አራተኛ፦ ቃታውን ይፈትሹ፣ ጊዜ ወስደው

ሻጮች ትንሽ ሪቮልቨርን ለሴቶችና ለአረጋውያን ቶሎ ያቀርባሉ፤ «ቀላል ነው፣ መሳብና መተኮስ ብቻ ነው» ይላሉ። ባለቤቴንም እንዲሁ ሊያሳምኗት ሞክረዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም አተኳኮሱ ከባድ ነው። የብዙዎቹ ትናንሽ ሪቮልቨሮች ቃታ ለመሳብ 12 ፓውንድ ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ ሽጉጡ ራሱ ግን አንድ ፓውንድ ላይሞላ ይችላል። ከክብደቱ አሥር እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ሲሳብ አፈሙዙ ባለበት ይቆይ ዘንድ ማድረግ የተለማመደ እጅ ይፈልጋል።

ሱቅ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ሻጩን ያስፈቅዱ። ሲሊንደሩን ከፍተው ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ፤ ሻጩ አሳይቶዎትም ቢሆን ደግመው ይመልከቱ። አፈሙዙን ሻጩ ወደሚያሳይዎት አስተማማኝ አቅጣጫ ያዙሩ። እጀታውን በተቻለ መጠን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይጨብጡና ጣትዎ ቃታው ላይ የት እንደሚያርፍ ይዩ። የጣትዎ ጫፍ ብቻ የሚደርስ ከሆነ ጉልበት አይኖርዎትም፤ የመጀመሪያው አንጓ አካባቢ ቢያርፍ መልካም ነው። ከዚያ የፊት ማነጣጠሪያውን እያዩ፣ ሳያቋርጡና ሳይቸኩሉ እስከ መጨረሻው ይሳቡ።

አንድ ጊዜ ስበው «ጥሩ ነው» አይበሉ። እኔ የተሳሳትሁት እዚህም ላይ ነው። አንዴ ሁለቴ መሳብ ለማንም ይቻላል፤ ሃያ ጊዜ ይሳቡ። አሥራ አምስተኛው ላይ ማነጣጠሪያው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሸሽ ከጀመረ ያ ቃታ ለእጅዎ አይሆንም። እኔ ሁለተኛውን ስመርጥ ሻጩን አስፈቅጄ ዳይም የምትባለውን የ10 ሳንቲም ፍራንክ ከበርሜሉ ላይ፣ ከፊት ማነጣጠሪያው ኋላ አስቀመጥሁና ሳብሁ። በሦስት ሽጉጦች ፍራንኳ ወደቀች። በአራተኛው ከአሥር ስበት ዘጠኙን ቆየች፤ እሱን ገዛሁት።

ከመሳቡ እኩል መልቀቁን ይፈትሹ። ቃታው እስከ መጨረሻው ወደፊት ካልተመለሰ ቀጣዩ ስበት አይሠራም፣ ወይም ሲሊንደሩ ሳይተኩስ አንድ ጉድጓድ ያልፋል። በአንዳንዶቹ ሽጉጦች ላይ ከመጨረሻው በፊት ትንሽ «ቀጭ» የምትል ድምፅ አለች፤ በድንጋጤ ጊዜ «ተመለሰ» ብላ የምታታልለው እሷ ናት። ጣትዎ ያቺን ድምፅ አልፎ መሄድን መልመድ አለበት።

በ2009 የወጣው ኤልሲአር በውስጡ ባለው ልዩ ቅርጽ ምክንያት ስበቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለስላሳ ነው፤ ለታመመ እጅ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። የኬ6ኤስም ለስላሳ ነው። ቃታ ለማቅለል ተብለው የሚሸጡትን ለስላሳ ስፕሪንጎች ግን ለመታጠቂያ ሽጉጥ አልመክርም፤ የመምቻው ስፕሪንግ ሲላላ ምቱ ስለሚደክም ጥይት መክሸፍ ይጀምራል።

አምስተኛ፦ መምቻ፣ እጀታ፣ ማነጣጠሪያ

በኪስ የሚያዝ ከሆነ መምቻው በውስጡ የተደበቀውን ይምረጡ፤ ከኋላ ብቅ ያለ መምቻ የኪስ ጨርቅ ይይዛል። እጀታው ትንሿን ጣትዎን ካላስቀመጠ ረዘም ባለ የጎማ እጀታ ይለውጡት። የፊት ማነጣጠሪያው ጥቁር ከሆነ ባለቤትዎን የጥፍር ቀለም ይጠይቁ፤ ነጭ ከሥር፣ ብርቱካናማ ከላይ ቢቀባ ምሽት ላይ ይታያል።

ስድስተኛ፦ ያገለገለ ከሆነ

ያገለገለ ሪቮልቨር ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ባዶነቱን ካረጋገጡ በኋላ ቃታውን እስከ መጨረሻው ስበው ሳይለቁ ሲሊንደሩን በሌላው እጅዎ ወደ ጎን ያነቃንቁት፤ ጥቂት መነቃነቅ ያለ ነው፣ የሚንቀዋለል ከሆነ ይተዉት። ወደፊትና ወደኋላም ይግፉት። ቃታውን በዝግታ እየሳቡ መምቻው ከመውደቁ በፊት ሲሊንደሩ ቦታውን መያዙን በየጉድጓዱ ይፈትሹ፤ አንዱ ጉድጓድ እንኳ ቢዘገይ ጥይቱ ከበርሜሉ ጋር ሳይስተካከል ሊተኮስ ይችላል። በርሜሉ ወደ ሲሊንደሩ በሚቀርብበት ጫፍ ላይ ስንጥቅ ካለ ዋጋው ምንም ቢሆን አይግዙ።

ሰባተኛ፦ ከመታጠቅዎ በፊት ይተኩሱት

ቢያንስ 50 የመለማመጃና 25 የሚታጠቁትን ጥይት በ7 ያርድ ይተኩሱ። ጣትዎን ከሲሊንደሩ ፊት ያርቁ፤ በበርሜሉና በሲሊንደሩ መካከል ካለው ቀጭን ክፍተት የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ሥጋ ይቆርጣል። ቀለሃ ሲያወጡ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው ማስወጫ ዘንጉን በመዳፍዎ አንዴ በኃይል ይምቱት። አጭር ዘንግ ቀስ ተብሎ ሲገፋ ቀለሃው በዘንጉ ጫፍ ካለው ኮከብ መሰል ማስወጫ ሥር ሾልኮ ይቀራል፤ ያልተቃጠለ ባሩድም እዚያው ይጠራቀምና ሲሊንደሩ አልዘጋ ይላል።

በእኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስብዎ የማደርገው ፍተሻ ደግሞ ይህ ነው። አምስት ጥይት አጉርሰው አራቱን ይተኩሱ፣ አምስተኛውን አውጥተው ከሳጥኑ ካልተነካ ጥይት ጎን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያቁሙት። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ያንን ጥይት ይታጠቁ፤ አምስተኛው ከረዘመ ሌላ ዓይነት ይሞክሩ።

በኪስ ሲይዙት ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የኪስ አፎት ይግዙ፤ በዚያ ኪስ ውስጥ ቁልፍም ፍራንክም አይግባ። ለመጠባበቂያ ጥይት በኪስ ውስጥ ጠፍጣፋ የሚሆነው የላስቲክ መያዣ ይበቃል። በሳምንት አንዴ ሽጉጡን አራግፈው ከኪስ የገባውን የጨርቅ ብናኝ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ።

አሮጌውን ሽጉጥ ለዘመድም ለጓደኛም እጅ በእጅ አልሰጠሁም። ፈቃድ ላለው ነጋዴ ሸጥሁት፣ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበትንም ደረሰኝ ከአዲሱ ሽጉጥ ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አስቀመጥሁት።