ቢርድድ ድራገን መብላት ሲያቆም፣ ጣቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ጢሙ ሲጠቁር፦ ችግርና መፍትሄ

ቢርድድ ድራገን አገሩ የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር የሆነ እንሽላሊት ነው፤ ሲቆጣ ጉሮሮው ላይ ያሉትን እሾሆች ነፍቶ እንደ ጢም ያጠቁራቸዋል። አውስትራሊያ የዱር እንስሶቿ ለንግድ እንዲወጡ ስለማትፈቅድ በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች የሚሸጡት በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉ ናቸው። ልጅ ለምኖ ያስገዛዋል፣ መኖውና ጽዳቱ ግን ቶሎ የወላጅ ሥራ ይሆናል። በደንብ ከተያዘ ከ8 እስከ 12 ዓመት ስለሚኖር ወላጅ ቢያውቀው ይሻላል።

ይህ እንስሳ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ምግብ የሚፈጨው፣ አጥንቱ የሚጠነክረው፣ በሽታ የሚቋቋመው በሚኖርበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ባለው ሙቀትና ብርሃን ልክ ነው። ስለዚህ ከታች ካሉት ምልክቶች የትኛውንም ብታዩ መጀመሪያ ሳጥኑን ለኩ።

ምልክት ከመፈለግ በፊት፦ ልኬቱ

ሦስት ዕቃ ያስፈልጋል፦ ወደ ድንጋዩ አነጣጥረው የሚለኩበት የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር፣ ባለ ሽቦ ዲጂታል ቴርሞሜትር ሁለት፣ እና በግራም የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን። ከሳጥኑ ጋር የሚሸጠው መስታወት ላይ የሚለጠፍ ክብ መለኪያ የሚነግራችሁ የግድግዳውን ሙቀት ነው፤ እንስሳው የተኛበትን ድንጋይ አይደለም። ብዙ ስህተት የሚጀምረው ከእሱ ነው።

አምፖሉ በርቶ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ ለኩ። የመሞቂያው ድንጋይ ገጽ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ በፋራናይት ከ100 እስከ 108 ማለት ነው። ቀዝቃዛው ጫፍ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። ሌሊት እስከ 18 ዲግሪ ቢወርድ አይጎዳውም፤ ቀይም ሆነ ሰማያዊ የሌሊት አምፖል አያስፈልገውም፣ ብርሃኑን ያየዋልና እንቅልፍ ይነሳዋል። ላደገ እንስሳ ሳጥኑ ቢያንስ 120 በ60 በ60 ሴንቲሜትር ይሁን። በትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለቱም ጫፍ እኩል ስለሚሞቅ እንስሳው ሙቀት ሲበዛበት የሚሸሽበት አያገኝም።

ድንጋዩ ከቀዘቀዘ ከፍ አድርጉት ወይም ዋቱ ከፍ ያለ አምፖል ግዙ። ከጋለ ደግሞ አምፖሉን ከዳይመር (የአምፖሉን ኃይል መቀነሻ) ወይም ከቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) ጋር አገናኙ።

አይበላም

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ድንጋዩ መቀዝቀዙ ነው። ሆዱ ካልሞቀ የዋጠው ፌንጣ ሳይፈጭ ይቆያል፤ ስለዚህ መብላት ቢተው ትክክል ነው። ድንጋዩ 32 ዲግሪ ሆኖ በግድ ማጉረስ በሽታ መጨመር ነው። ሙቀቱን አስተካክላችሁ ሦስት አራት ቀን ጠብቁ።

ልኬቱ ትክክል ከሆነ ጊዜውን አስቡ። አዲስ የገባ እንስሳ አንድ ሁለት ሳምንት ሊጾም ይችላል፤ በቀን አሥር ጊዜ እያነሳችሁ አታስጨንቁት። ቆዳ ሲለውጥም ፍላጎቱ ይቀንሳል። ዕድሜው ከዓመት ያለፈ እንስሳ ቀኑ ሲያጥር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሦስት ወር ያንቀላፋል። የዚህ እንቅልፍ መለያው ክብደት ነው፦ የሚያንቀላፋ እንስሳ ክብደቱ ብዙም አይቀንስም፣ የታመመ ይከሳል። በየሳምንቱ መዝኑት። ካለው ክብደት አንድ አሥረኛውን ካጣ ሐኪም ይየው። ከዓመት በታች ያለ ግን እንዲያንቀላፋ አይተውም፣ የሚያቆየው ስብ የለውም።

አንዳንዱ ደግሞ ታሞ ሳይሆን ተሞላቅቆ ነው። ጣፋጭ ትል የለመደ ቅጠሉን ይንቃል። ያደገ እንስሳ ምግቡ አራት እጅ ቅጠል፣ አንድ እጅ ነፍሳት ነው፤ ነፍሳቱም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ። ቅጠሉን ጠዋት፣ አምፖሉ እንደበራ፣ ሳይጠግብ አቅርቡለት። ጫጩቱ በተቃራኒው ብዙውን ነፍሳት ይብላ፦ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል። የፌንጣው ወርድ በሁለት ዓይኖቹ መካከል ካለው ርቀት መብለጥ የለበትም። የተረፈውን ፌንጣ ማታ ልቀሙት፤ የተኛውን እንስሳ ይነክሰዋል።

በልቶ የሚከሳ ከሆነና ሰገራው ውሃማና እጅግ የሚሸት ከሆነ ጥገኛ ተሕዋስያን ጠርጥሩ። ትኩስ ሰገራ በንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በዚያው ቀን ለምርመራ ውሰዱ። መድኃኒቱን ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ያዝዛል፤ ለውሻ የተሸጠ የትል መድኃኒት በግምት አይሰጥም።

ጣቱ ይንቀጠቀጣል፣ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል

ይህ የአጥንት መሳሳት በሽታ ነው፤ እንስሳውን ለዘለቄታው ጎድቶ ወይም ገድሎ የሚሄድ ነው። ደሙ ካልሲየም ሲያጣ ከአጥንቱ ይበደራል፤ አጥንቱ ሲያልቅበት ጡንቻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የዩቪቢ ብርሃን፣ ማለትም በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው የአልትራቫዮሌት ጨረር፣ ማነስ ነው፦ ያለ ዩቪቢ ቆዳው ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም፣ ያለ ዲ3 ደግሞ የበላው ካልሲየም ከአንጀቱ ወደ ደሙ አይገባም።

«አምፖሉ እኮ በርቷል» ማለት መልስ አይሆንም። ዩቪቢ በዓይን አይታይም፤ ቱቦው ቦግ ብሎ እያበራም ዩቪቢው ሊያልቅ ይችላል። ቲ5 ኤችኦ የሚባለውን ረጅም ቱቦ በ12 ወር ቀይሩ፣ የተገጠመበትንም ቀን ጫፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ትንሹ ጥምዝ አምፖል ብርሃኑን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሚጥል ለዚህ እንስሳ አይበቃም። 10 ወይም 12 ከመቶ የሚል ቱቦ፣ ርዝመቱ የሳጥኑን ግማሽ የሚያልፍ ግዙ፤ ከመሞቂያ አምፖሉ ጎን ስቀሉት፣ ሙቀቱንና ብርሃኑን አንድ ላይ እንዲያገኝ። ከወንፊት ክዳን በላይ ከተቀመጠ ወንፊቱ ከዩቪቢው ሲሶውን ያህል ሊያስቀር ስለሚችል ከእንስሳው ጀርባ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ይራቅ፤ ወንፊት ከሌለ 40 ገደማ። የበለጠ እርግጠኛ መሆን የፈለገ ሶላርሜተር 6.5 በሚባለው የዩቪ መለኪያ ይለካ፤ ድንጋዩ ላይ ከ3 እስከ 5 ማንበብ አለበት። መስታወት ግን ዩቪቢን አያሳልፍም። ሳጥኑን መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ሙቀት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም፣ በበጋም ውስጡ ያለውን ሊገድል ይችላል።

ቀጥሎ ምግቡ። የእኛ ቤት እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ለጎመን ወጥ የሚገዛው ጎመን፣ በአሜሪካ ኮላርድ ግሪን የሚባለው፣ ካልሲየም የበዛበትና ለዚህ እንስሳ ከሚሰጡት ቅጠሎች ሁሉ ምርጡ ተርታ ነው። ጥሬውን፣ ታጥቦ፣ በደቃቁ ተቀርድዶ ይሰጥ፤ ዘይት፣ ሽንኩርትና ጨው የነካው አይሆንም። ጎመን ይመስላል ተብሎ ቆስጣ ግን የዘወትር ምግብ አይደረግም። ቆስጣና ስፒናች ኦክሳሌት አለባቸው፤ ኦክሳሌት ካልሲየሙን አንቆ ይዞት ይወጣል። የተፈቀፈቀ ዱባ ጥሩ ነው፣ ሰላጣ ውሃ ብቻ ነው፣ አቮካዶ መርዝ ነው።

ፌንጣና ዱቢያ በረሮ ከካልሲየም ይልቅ ፎስፈረስ ስለሚበዛባቸው ያለ ዱቄት አይሰጡም። ፌንጣዎቹን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ቁንጥር የካልሲየም ዱቄት ነስንሱ፣ ነጭ እስኪለብሱ ነቅንቁ፣ ወዲያው አብሉት። ለጫጩት በሳምንት አምስት ቀን፣ ላደገ ሁለት ሦስት ቀን፤ ብዙ ቫይታሚን ያለበት ዱቄት በሳምንት አንዴ ይበቃል። ነፍሳቱም ራሳቸው ከመሰጠታቸው አንድ ቀን በፊት ጎመንና ካሮት ይብሉ።

ይህ ሁሉ መከላከያ ነው። መንቀጥቀጡ ከጀመረ ግን ዱቄት መጨመር ብቻውን አያድነውም። በዚያው ሳምንት፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ «ኤግዞቲክ» የሚባሉትን፣ ከውሻና ከድመት ውጭ ያሉ የቤት እንስሳት የሚያይ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ራጅ አንስቶ ካልሲየሙን በሽሮፕ ወይም በመርፌ ይሰጣል። እስከዚያ ቅርንጫፎቹን አውጡ፣ ከወደቀ አጥንቱ ይሰበራል። ስታነሱት መዳፋችሁን ሙሉውን ከሆዱ ሥር አስገቡ። የጎበጠው አጥንት ቀጥ አይልም፣ መባባሱ ግን ይቆማል።

አይጸዳዳም፣ ሆዱ ተነፍቷል

ያደገው በሳምንት ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ ይጸዳዳል። ከዚያ ከዘገየ ምክንያቱ የቀዘቀዘ ድንጋይ፣ ውሃ ማነስ፣ ከልክ ያለፈ ትልቅ ነፍሳት ወይም የዋጠው አሸዋ ነው። «የካልሲየም አሸዋ» ተብሎ የሚሸጠውን አትግዙ፣ ለመላስ ይጋብዘዋል። ለጫጩት የወጥ ቤት ወረቀት ይበቃል።

ድንጋዩን ካስተካከላችሁ በኋላ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ፣ ውሃው ከክርኑ ሳያልፍ፣ 15 ደቂቃ አቆዩት፤ ሆዱንም ከፊት ወደ ኋላ በቀስታ አሹት። ወዲያው አድርቃችሁ ወደ ሙቀቱ መልሱት። የኋላ እግሩን የሚጎትት ከሆነ ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ ዘይት እየሰጣችሁ አትጠብቁ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሴት ከሆነችና ሳጥኑን ያለ እረፍት የምትቆፍር ከሆነ ግን የያዘችው እንቁላል ነው። ወንድ አይታ ባታውቅም ትጥላለች። እርጥብ አሸዋና አፈር የተቀላቀለበት፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ፣ የተቆፈረው የማይደረመስበት ዕቃ ስጧትና አትረብሿት። ቆፍራ ቆፍራ ሳትጥል ከደከመች እንቁላሉ ተቀርቅሯል፣ አስቸኳይ ነው።

አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል

ድንጋዩ ላይ ሆኖ ከሆነ ችግር የለም፤ ሙቀት እያወጣ ነው። ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ ከአፉ ለሐጭ እያዝረበረበ ወይም ሲር ሲር እያለ ከሆነ ግን ሳንባው ተመቷል፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በሐኪም ይታዘዛል። እርጥበቱን ለኩ፦ ከ30 እስከ 40 ከመቶ ይሁን፤ ትልቁን የውሃ ሳህን ከአምፖሉ ሥር አንሱ።

ሳጥኑ ሳሎን ውስጥ ካለ ቡናው ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር፣ አለዚያም መስኮት ይከፈት። ጭስ የተሳቢ እንስሳትን የመተንፈሻ አካል ያስቆጣል፤ የክፍል ሽቶና ሲጋራም እንደዚያው።

ጢሙና ቆዳው

ጠዋት ጠቁሮ ሲሞቅ የሚነጣ እንስሳ ጤነኛ ነው፤ ጥቁር ሙቀት ይስባልና። ቀኑን ሙሉ ከጠቆረ መስታወቱ ላይ የራሱን ምስል እያየ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱን ጎን ከውጭ በወረቀት ሸፍኑ። ሁለት በአንድ ሳጥን ካኖራችሁ ለዩአቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ መተኛቱ ፍቅር አይደለም፣ የሙቀት ቦታ ቅሚያ ነው። ይህ ሁሉ ከሌለና ጥቁረቱ ካልለቀቀው ሕመም አለበት።

ቆዳ ሲለውጥ አትላጡለት። ጣቱና የጅራቱ ጫፍ ላይ የቀረው ቀለበት ግን ሲደርቅ ደም ስለሚያግድ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሹት። ቆዳው ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ወጥቶ የሚሰፋ ከሆነ ያ ፈንገስ ነው፤ ከሌሎች እንስሳት ለዩት፣ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ሐኪሙም ናሙና ይውሰድ። ሕክምናው ወራት ይፈጃል።

ሆዱ ላይ ቁስል ካለ የኤሌክትሪክ መሞቂያ ድንጋይ አቃጥሎት ይሆናል። ሶኬቱን ነቅላችሁ ጣሉት፤ ሙቀት ከላይ ይምጣለት።

ድንገት አፉን ከፍቶ ጠቁሮ ወደቀ

በሰኔና በሐምሌ የአሜሪካ ምሥራቅ ግቢዎች ማታ ማታ በምታበራው ጢንዚዛ፣ በፋየርፍላይ፣ ይሞላሉ። አንዷን ብቻ የዋጠ ቢርድድ ድራገን በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የቤት ውስጥ መከላከያው ከግቢ የተያዘ ነፍሳት አለመስጠት ነው፤ በፀረ ተባይ የተረጨም ሊሆን ይችላልና። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ድንገተኛ ሕክምና ውሰዱት።

ልጁ ተቅማጥና ትኩሳት ያዘው

ጤነኛ የሚመስል እንሽላሊት በሰገራው ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ በሰው ላይ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊያወጣ ይችላል። አሜሪካ ርዝመታቸው ከ10 ሴንቲሜትር በታች የሆኑ ኤሊዎች እንዳይሸጡ በ1975 የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የሚታጠብበት ሳፋ የራሱ ይሁን፣ የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥም አይደፋ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይንካው። ልጁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ ቤት ውስጥ እንሽላሊት እንዳለ ንገሩ፤ ካልተነገረው ሐኪሙ ይህን ላያስበው ይችላል።